ያልሞትህበት ረቡዕ

ቢቸና
ቅዳሜ፣ ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይታገስ፣

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? ደብዳቤ ሁሉ የሚጀምረው በዚህ ነው፤ የሚጠይቀውም ሰው መልሱን አይጠብቅም። እኔ ግን ዛሬ ከልቤ ነው የምጠይቅህ። ደህና ነህ ወይ? እጅህ፣ እግርህ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ከረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ወዲህ ደግሞ በጣም ደህና ነኝ።

ረቡዕ ጠዋት አንዲት ነጭ ጋውን የለበሰች ነርስ አንተ የምታስተምርበት ክፍል ገብታ፣ «መምህር፣ የዛሬን ቀን ሰሌዳው ላይ ይጻፉልኝ» ብላሃለች። ጽፈህ ዞር ስትል ፎቶ አንሥታህ ሄደች። ለምን እንደሆነ ስትጠይቃት «ለቆጠራ ነው» እንዳለችህ ነግራናለች። የምን ቆጠራ እንደሆነ እስካሁን ሳይከነክንህ አይቀርም። የሂሳብ አስተማሪ ነህ፤ ያልተፈታ ነገር እንቅልፍ ይነሣሃል። እንግዲህ ቆጠራው ከሕያዋን ነህ ወይስ ከሙታን የሚል ነበር። ረቡዕ ማለዳ ቢቸና ላይ ሞተህ ነበር።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። በስልክ ያልነገርሁህ፣ በስልክ ስናወራ ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስለምንጣላ ነው። በደብዳቤ ግን አታቋርጠኝም።

ሰኞ ዕለት የመጻሕፍት ሣጥንህን ልትወስድ ከሞጣ እንደምትመጣ በሾፌር የላክኸው መልእክት ደርሶኝ ነበር። ሣጥኑን ከአልጋ ሥር ጎትቼ፣ አቧራውን ጠርጌ በሩ አጠገብ አኖርሁት። አልመጣህም። ማክሰኞ ጠዋት መልሼ አስገባሁት። ይህን ያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንድ የቴሌግራም ቻናል ላይ ፎቶ ወጣ። ቁልቁለት ላይ የተገለበጠ ነጭ ሚኒባስ፣ በዙሪያው የቆሙ ሰዎች። ከሥሩ «ከሞጣ የተነሣ ሚኒባስ ተገልብጦ ተሳፋሪዎቹ አለቁ። ነፍስ ይማር። ሼር አድርጉት» ይላል። ቀን የለውም፣ ቦታ የለውም፣ የጸሐፊው ስም የለውም። እስኪመሽ ድረስ ቢቸና ውስጥ ስልክ ያለው ሰው ሁሉ አይቶታል። ከእኔ በቀር።

እኔ ያላየሁት እትዬ በዛብሽ ስልኬን ስለወሰዱብኝ ነው። ጎረቤታችንን ታውቃቸዋለህ፤ ያለ ምክንያት ደጃችንን አይረግጡም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መጡና፣ «ባንቺዓለም፣ የኔ ስልክ ባትሪ ጨርሷል፤ ባሕር ዳር ላለችው ልጄ ልደውል» ብለው ወሰዱት። አልመለሱትም። ይልቅ ተመልሰው እራት መብላቴን ጠየቁኝ። በላሁ ብላቸው አላመኑኝም፤ ድስቱን ገልጠው አዩ። እኔ ደግሞ ምን ዓይነት ደግነት ነው እያልሁ ተኛሁ።

የአገሩን ሥርዓት ታውቃለህ። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በምሽትም አይነገርም። ሰውየው እህል እንዲቀምስና እንዲተኛ ይደረግና ጎህ ሲቀድ ሽማግሎች ሄደው ይነግሩታል። እስከዚያው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም። ለአንተም ማንም አልደወለም። እንዴት ይደውላሉ? ስልክህን ገና ያልሰማ ዘመድ ቢያነሣው በስልክ ማርዳት ይሆናል። ነውር ነው። ስለዚህ ሰፈሩ ነውር ላለመሥራት ሲል ገደለህ።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። የእድራችን ዳኛ አለቃ ሣህለ ማርያም፣ ሁለት ሽማግሎች፣ ከኋላቸው እትዬ በዛብሽ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ነበር የለበሱት። አለቃ «ልጄ፣ ተቀመጪ» አሉኝ። ቆሜ ቀረሁ። «ሰው ሆኖ የማይጠራ የለም» ሲሉ ነገሩ ገባኝ፤ ማን እንደሆነ ብቻ አልገባኝም።

«ይታገስ አረፈ» አሉ።

አላለቀስሁም ልልህ ፈልጌ ነበር። ግን ምስክሩ ብዙ ነው። መሬት ላይ ተቀመጥሁ። ያልሁትን አልደግመውም፤ እትዬ በዛብሽ ቃል በቃል ይዘውታል፤ ስትመጣ ሳትጠይቃቸው ይነግሩሃል።

ስልኬን ከጉያቸው አውጥተው ሰጡኝ። ቁጥርህን ካጠፋሁት ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ጣቴ ግን ያውቀዋል። ጥሪ አይቀበልም አለኝ። አራት ጊዜ ሞከርሁ። ሞጣ ከእሑድ ጀምሮ መብራት እንደሌለና ስልክህ ኪስህ ውስጥ ባትሪ ጨርሶ እንደተኛ አላወቅሁም። «የስልክ አለመሥራት የምን ማስረጃ ነው?» ብዬ ኅዳር ላይ ተማሪዎቼን ፈትኛለሁ። ጥያቄ ቁጥር ሰባት ነበር። የክፍሉ ግማሽ ተሳሳተው። ረቡዕ እኔም ተሳሳትሁት።

የምን ፈተና ትል ይሆናል። አንተ ከሄድህ በኋላ ዓምና ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ክበብ አቋቁሜአለሁ። ልጆቹ «ወንፊት ክበብ» ብለው ስም አወጡለት። ዐርብ ዐርብ ስልካቸው ላይ የደረሳቸውን ወሬና ፎቶ ይዘው ይመጣሉ፤ እንነፋዋለን። አንዳንዱ ዱቄት ሆኖ ያልፋል፣ አብዛኛው ገለባ ሆኖ ይቀራል። በመጀመሪያው ወር የስኳር በሽታን በሦስት ቀን የሚያድን ቅጠል፣ ነፃ የትምህርት ዕድል የሚሰጥ ሊንክ፣ ሁለት ጊዜ የሞተ ዘፋኝ ነፋን። ግድግዳው ላይ አራት መስመር ተጽፏል፦

ቆም በል።
ከማን ሰማህ?
ፎቶው መቼና የት ተነሣ?
ባለቤቱን ጠይቅ።

የመጨረሻውን የጨመርሁት እኔ ነኝ።

ሁለት ሰዓት ሲሆን የእድሩ ድንኳን ግማሹ ቆሟል፤ ንፍሮ በትልቁ ድስት ተጥዷል። የክበቡ ልጆች ዩኒፎርማቸውን እንደ ለበሱ ሊያስተዛዝኑኝ መጡ። ሃያ ሦስት ናቸው። ከመካከላቸው የአሥራ አንደኛ ክፍሏ እፀገነት አጠገቤ ተቀመጠች። ወላጆቿ በደብረ ወርቅ መንገድ በኩል ያሉ ገበሬዎች ናቸው፤ ከተማ ቤት ተከራይታ ትማራለች። አላለቀሰችም። አንገቷን ደፍታ ስልኳን ታያለች።

«ለቅሶ ቤት ገብቶ ስልክ መጎርጎር!» አሉ እትዬ በዛብሽ። «የዛሬ ልጅ እንኳን ሰው ሰማይ ቢደፋ ቀና አይልም!»

«ይቅርታ፣ እትዬ።» ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቂ።»

«ከመኪናው ጎማ አጠገብ ያለው ይህ ቢጫ ነገር ምንድን ነው?»

አየሁት። ዓይኔን ጠርጌ ደግሜ አየሁት።

«አደይ አበባ።»

«በጥር?»

ከገጠር የመጡ አንድ አዛውንት ስልኩን ተቀብለው ከፊታቸው አራቅ አድርገው አዩት። «ይህ ከበላዩ ያለውም ጤፍ ገና ቡቃያ ነው» አሉ። «የኔ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ ሳምንቱ። የየት አገር መሬት ነው በጥር እንዲህ የሚለመልም? ንገሩኝና ልሂድ።»

እዮብ የሚባል ተማሪ አለ። አባቱ እህል ነጋዴ ናቸው፤ እሱ ቃል ነጋዴ ነው፤ አፉ አያርፍም። «እንግዲያውስ ጋሼ ይታገስ የሞቱት መስከረም ላይ ነዋ!» አለ። ልጆቹ ሳቁ፤ ወዲያው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ቆም በል!» አለችው እፀገነት። «ፎቶው አሮጌ ነው ማለት ሰውየው ደህና ናቸው ማለት አይደለም። ያጣራነው አንድ መስመር ብቻ ነው።»

ያስተማርኋት እኔ ነኝ። በዚያ ሰዓት ግን አራቱም መስመሮች ከራሴ ጠፍተው ነበር።

እትዬ በዛብሽ «ተነሡ፣ ውጡ፣ ሴትዮዋን አታድክሟት» ማለት ሲጀምሩ አለቃ ሣህለ ማርያም መቋሚያቸውን አነሡ።

«ተያቸው፣ በዛብሽ። እኔ ቅኔ ቤት ሳለሁ ተማሪ ቅኔ ይዞ ሲመጣ መምህራችን አስቀድመው የሚጠይቁት 'የራስህ ነው ወይስ ከሰው የሰማኸው?' ብለው ነው። የሰማውን እንደራሱ ያቀረበ ወዮለት። እኔ ዛሬ የሰማሁትን እንዳየ ሰው ሆኜ ተናገርሁ። መምህሬ ቢኖሩ በዚህ ሽበቴ አርጩሜ ነበር የሚያቀምሱኝ።» ወደ እፀገነት ዞሩ። «ልጄ፣ ቀጥዪ። ምን ያስፈልግሻል?»

«ሞጣ ያለ፣ ስልኩ የሚሠራ ሰው።»

የእዮብ እኅት ብሩክታይት ሞጣ ነርስ ናት። የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ሶላር አለው። ሁሉም እንዲሰማ እዮብ ስፒከር ላይ አድርጎ ደወለ። የመጀመሪያ ቃሏ «አሁንስ ደግሞ ምን ሰበርህ?» የሚል ነበር። ነገሩን ሲነግራት «ትምህርት ቤቱ እዚህ ማዶ ነው፤ ቆዩ» ብላ ዘጋች።

እስክትደውል ድረስ እዮብ ፎቶውን የምስል መፈለጊያ ውስጥ አስገባው። ከአራት ዓመት በፊት በመስከረም የወጣ ነው። ቦታውም ከእኛ እጅግ ሩቅ ነው። እዚያም የሞተ ሰው አልነበረም፤ የሁለት ሰው እጅ ተሰብሮ ድኗል። ይህን ሲያነብ እድርተኛው ሁሉ ስልኩ ላይ ተደፋ። ድንኳን የሚተክሉትም ሰዎች ገመዱን ትተው መጡ።

ብሩክታይት ደወለች። «አየኋቸው። ክፍል ውስጥ ናቸው፤ ተማሪ እየተቆጡ ነው።»

እልል ሊባል ነበር። እፀገነት እጇን አነሣች። «እሳቸው መሆናቸውን በምን አወቀች? አይታቸው አታውቅም።»

«ፎቶ ታንሣቸዋ» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«ፎቶውስ የዛሬ መሆኑን በምን እናውቃለን?» አለ እዮብ። «አሮጌ ፎቶ አይደለም እንዴ እስካሁን ያስለቀሰን?»

አለቃ ሣህለ ማርያም እኔን አዩኝ። «እነዚህን አንቺ ነሽ ያሠለጠንሻቸው?» አሉ። «ጉድ ነው!»

ነርሷ ሰሌዳው ላይ ያጻፈችህ በዚህ ምክንያት ነው። ፎቶው አራት ሰዓት ላይ ደረሰ። «ረቡዕ፣ ጥር 20 ቀን 2018።» መስመሩ እንደ ልማድህ ሽቅብ ይወጣል። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ቀጥ ብሎ የሄደ መስመር ጽፈህ አታውቅም። የሸሚዝህ ሁለተኛ ቁልፍ የለም። ከስተሃል። በግራ እጅህ ጠመኔውን የያዝኸው ሊወረውረው እንዳሰበ ሰው ነው።

«ቲቸር፣ እሳቸው ናቸው?»

«እሱ ነው» አልሁ።

እልልታውን ብትሰማው! ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ሠርግ መስሏቸው ገቡ። እድርተኞቹ «እንግዲህ ድንኳኑን እናፍርሰው?» ሲሉ እትዬ በዛብሽ ተቆጡ። «ይቁም! ጥር አይደለም እንዴ? ሙሽራ አይጠፋም» አሉና እኔን አዩ። አዛውንቱ ገበሬ ደግሞ ወሬ የገደለው ሰው ዕድሜው ይረዝማል ብለው መረቁህ። ከዚያ ንፍሮህን በላን። ባቄላው በደንብ በስሏል፤ ጨው በዝቶበታል። እኔ ሁለት ጊዜ አነሣሁ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ልጆቹ ሁለተኛው መስመር እንደቀራቸው አልረሱም። ትናንት፣ ዐርብ፣ ክበቡ ሲሰበሰብ ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ከማን ሰማህ?» ብለው ጽፈው ጠበቁኝ። ሰዎቹንም ጋብዘዋል። ይገርምሃል፣ ሁሉም መጡ። አለቃ ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ከበዛብሽ ሰማሁ» አሉ።

«ከባጃጁ ሾፌር» አሉ እትዬ በዛብሽ። «እኔን ብቻ ምን ታዩኛላችሁ?»

ሾፌሩ «ከስጦታው» አለ። ስጦታው የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ነው፤ ፉጨቱ እስከ ቤታችን የሚሰማው። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል።

«ጋሼ ስጦታው፣ እርስዎስ ከማን ሰሙ?» አለችው እፀገነት።

እኔን አየ። ጣሪያውን አየ።

«ከቲቸር።»

«ከየትኛዋ ቲቸር?»

«ከእኚህ።»

ሃያ ሦስት ፊት ወደ እኔ ዞረ።

ሰኞ መናኸሪያ ሄጄ ነበር። አምስት ሰዓት ላይ ሄድሁ፤ ስምንት ሰዓት ላይ ሄድሁ፤ አሥር ሰዓት ላይ ሄድሁ። በሦስተኛው ስጦታውን «ከሞጣ በመጣው ውስጥ መምህር አልነበረም?» አልሁት። አላየሁም አለኝ፤ ወደ ቤቴ ገባሁ። ማክሰኞ ፎቶው ሲመጣ ስጦታው «ትናንት ቲቸር ባንቺዓለም ከሞጣ የሚመጣ መምህር ስትጠይቅ ነበር» አለ። እውነቱን ነው። ሾፌሩ «ባሏን ስትጠብቅ ነበር፤ አልደረሰም» አለ። እሱም እውነቱን ነው። እትዬ በዛብሽ «ባሏ በዚያ መኪና ላይ ነበር» አሉ። አለቃ «አረፈ» አሉ። እያንዳንዱ አንዲት ቃል ብቻ ጨመረ። ላዋሽ ብሎ የተነሣ አንድም የለም። የመጀመሪያውን ቃል ያቀበልሁት እኔ ነኝ።

ለክፍሉ ይህንኑ ነገርሁ። ሣጥን ልትወስድ ትመጣለህ ስለተባለ ነው የጠየቅሁት አልሁ።

እዮብ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ሣጥን ሊወስዱ የሚመጡ ሰው ቤቱን ያውቁት የለም? ሦስት ጊዜ መናኸሪያ ድረስ መሄዱ ለምን አስፈለገ?»

«ጥያቄው ከትምህርቱ ውጭ ነው።»

«ግን ምንጩ ያልተብራራ ወሬ እኮ…» ብላ እፀገነት ጀመረች።

«ተቀመጪ» አልኋት።

አለቃ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እትዬ በዛብሽ «እኔን ጠይቁኝ፣ እኔ ላብራራ!» ሲሉ ደወሉ ተደወለ። በሕይወቴ ደወል እንደዚያ ወድጄ አላውቅም።

ሁሉም ሲሄዱ ሰሌዳውን ላጠፋ ቀረሁ። ያንን ሰንሰለት አጠፋሁና በቦታው ሌላ ጻፍሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት «ሌላ ሴት ይዟል» ያሉኝን ነው። ከማን ሰማሁ? ከአንዲት የሥራ ባልደረባዬ። እሷስ? ከምታውቀው ነጋዴ። እሱስ ምን አየ? «መሰለኝ» ነው ያለው። ሁለት ሰውና አንድ መሰለኝ። ለሰሌዳ የሚበቃ አልነበረም፤ በመዳፌ አጠፋሁት። ያን ጊዜ በሩ ላይ ቆመህ «ጠይቂኝ» ብለኸኝ ነበር። እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ። አንተ ዝውውር ጠይቀህ ሄድህ። በመካከላችን የሚያመላልስ ልጅ የለን፤ ነገሩ እንደተቀመጠ ቀረ። አራተኛውን መስመር ግድግዳው ላይ ስጽፍ ማንን እያሰብሁ እንደነበር ልጆቹ አያውቁም። እፀገነት ሳትጠረጥር አትቀርም።

እንግዲህ ጠየቅሁህ። ዘግይቶ ነው፤ ግን ጠየቅሁህ። መልሱን በጽሑፍ አልፈልግም።

ክበቡም የራሱን ውሳኔ አሳልፏል። ባለቤቱ በአካል ካልቀረበ ፋይሉ አይዘጋም ብለዋል። ከነነዌ ጾም በኋላ ባለው ዐርብ፣ ጥር 29 ከሰዓት በኋላ እንድትገኝ ተጠርተሃል። ጥያቄ አዘጋጅተው ይጠብቁሃል፤ እዮብ የልብ ምትህን እቆጥራለሁ እያለ ነው። እትዬ በዛብሽ ስለገደሉህ ካሣ ዶሮ ያርዱልሃል። ዐርብ ጾም ስለሆነ ቅዳሜን ሳትውል አትሄድም ብለዋል። እኔ የለሁበትም።

ሣጥንህ ከአልጋ ሥር ነው። ከባድ ነው፤ ወገቤን ያመኛል፤ ሁለተኛ አላወጣውም።

ይህን ደብዳቤ ለሞጣ ሾፌር የሚያቀብልልኝ ስጦታው ነው። አሽጌዋለሁ። ተከፍቶ ከደረሰህ ከማን እንደሆነ ታውቃለህ።

የሸሚዝህን ቁልፍ አሠራ፤ ካልሆነም እንዳለ ይዘኸው ና። መብራት ሲመጣ ስልክህን ቻርጅ አድርግ። እኛ እዚህ ያሳጠርነውን ዕድሜ እግዚአብሔር እዚያ ያርዝምልህ። መንገዱን ጊዮርጊስ ይምራልህ፤ ሾፌሩን ደግሞ ቀስ በል በለው።

ዐርብ ስድስት ሰዓት ላይ መናኸሪያ እቆማለሁ። ማንንም አልጠይቅም።

ባንቺዓለም